ባትዎን ያሳመመው ክኒኑ ነው ወይስ የጅሬን ቁልቁለት?

ጥያቄ፦ «የ52 ዓመት የስፖርት መምህር ነኝ፤ የምኖረው ጅማ ነው። በሳምንት አራት ቀን ከተማሪዎቼ ጋር እሮጣለሁ፤ ከወር በፊት ጀምሮ የእሑዱን ረጅም ሩጫ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አዙረነዋል። ታላቅ ወንድሜ በ46 ዓመቱ በልብ ሕመም ድንገት ስላረፈ ተመረመርኩና ኤልዲኤል የሚባለው ኮሌስትሮሌ 196 ሆኖ ተገኘ። አቶርቫስታቲን 40 ሚሊግራም ማታ ማታ መውሰድ ከጀመርኩ አሥር ሳምንት ሆነኝ፤ ኤልዲኤሉም 104 ወርዷል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሁለቱንም ባቶቼንና ጭኖቼን ያመኛል፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ብሶብኛል። ሰኞ ጠዋት ስመረመር ሲፒኬ (የጡንቻ ጉዳት የሚታይበት የደም ምርመራ) 640፣ ኤኤስቲ (ለጉበት የሚታይ የደም ምርመራ) 58 ተባልኩ። ባልደረባዬ ‹መድኃኒቱ ጡንቻህንና ጉበትህን እየበላው ነው፣ ወርውረው› ይለኛል። ልተወው? ሩጫዬንስ ይጎዳዋል? ለጨጓራ ባክቴሪያም ሦስት ዓይነት መድኃኒት ጀምሬ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።»

መምህር፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ካደረጓት ዓረፍተ ነገር ልነሣ። ከጻፉት ሁሉ ዛሬውኑ መልስ የምትፈልገው እሷ ናት።

ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚሰጡት ሦስቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ክላሪትሮማይሲን ነው። ካርቶኑን አውጥተው ያንብቡት። እሱ ከሆነ፣ ሰውነትዎ አቶርቫስታቲንን የሚያፈራርስበትን ኢንዛይም ያግዳል። ማታ የዋጡት 40 ሚሊግራም በወጉ ሳይፈርስ ደም ውስጥ ይቆያል፣ የነገው ይደረብበታል፣ ጡንቻዎ ላይ የሚደርሰው ሐኪሙ ካሰበው በላይ ይሆናል። ሁለቱ አብረው የሚወሰዱ ከሆነ አቶርቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ ነው ደንቡ፤ ሲምቫስታቲን (እሱም እንደ አቶርቫስታቲን «ስታቲን» ከሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ነው) ቢሆን ደግሞ ጨርሶ አብረው አይሰጡም። እርስዎ 40 ላይ ነዎት። ስለዚህ የኮሌስትሮሉን መድኃኒት ያዘዙልዎትን ሐኪም ዛሬ ያግኙ፣ ካልሆነም ይደውሉ። የእኔ ሐሳብ የጨጓራው ሕክምና እስኪያልቅ አቶርቫስታቲኑን ለጊዜው ማቆም ነው። የጨጓራውን ግን መሀል ላይ እንዳያቋርጡት፤ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል። ልቡ ታሞ ለማያውቅ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ጥቂት ሳምንት ያለ ስታቲን መቆየት ይህን ያህል አያስፈራም። በቅርቡ የልብ ሕመም ለደረሰበት ወይም በልቡ ደም ሥር ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ለገባለት ሰው ግን በራሱ ፈቃድ አንድ ቀንም ማቋረጥ የለበትም።

ይህ ግጭት ለምን እንደሚያመልጥ ልንገርዎ። የኮሌስትሮሉን ያዘዘው አንድ ክሊኒክ ነው፣ የጨጓራውን ሌላ፤ አንዱ የተገዛው አጂፕ ሰፈር ነው፣ ሌላው ሂርማታ ሰፈር። ሁለቱን ማዘዣ ጎን ለጎን ያየ ሰው የለም። እኔም በፋርማሲስትነቴ መስኮት ላይ ቆሜ «ሌላ የሚወስዱት አለ?» ስል «ኧረ የለም» ይሉኛል፤ «ለጨጓራስ? ለፈንገስስ?» ብዬ በስም ስጠራ ነው «እሱማ አለ» የሚሉት። ለብዙ ሰው መድኃኒት ሲባል የሚታሰበው የግፊትና የስኳር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባትዎ እንምጣ። ሕመሙ የጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ የጨጓራው መድኃኒት ገና ስድስት ቀኑ። የሰሞኑን መባስ ቢያስረዳ እንጂ መነሻውን አያስረዳም። ያኔ ምን ተለወጠ? ክኒኑን ከጀመሩ ሰባት ሳምንት ሆኖዎት ነበር፤ ስታቲን ለሚያመጣው የጡንቻ ሕመም የተለመደ ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ የእሑዱ ሩጫ ጅሬን ሆኗል። ሁለቱም ተጠርጣሪዎች በቦታው ነበሩ።

ዳገቱ የሚያስቸግረው ልብንና ሳንባን ነው፤ ጡንቻን የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው። የግቤን በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና የሚግልበት ፍሬኑ እንጂ ሞተሩ አይደለም። ሲወርዱ የጭንዎና የባትዎ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትዎን ይዞ ያቆማል፣ ያን ጊዜ ጥቃቅን ክሮቹ ይጎዳሉ። በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ «ዋይ» የሚያሰኘው እሱ ነው። ለጤነኛ ሰው ክፉ አይደለም፤ ይጠገናል፣ ጡንቻውም እየደጋገመ ይለምደዋል። ስታቲን ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለያል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ለጤነኛ ወንዶች ሎቫስታቲን ወይም ባዶ ክኒን ሰጥቶ በመሮጫ ማሽን ላይ ቁልቁል አስኬዳቸው። ስታቲን የወሰዱት ሰዎች ሲፒኬ በማግስቱም በሠልስቱም ከሌሎቹ በግልጽ ከፍ ብሎ ተገኘ። የ2011ን የቦስተን ማራቶን በሮጡ ስታቲን ወሳጆች ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ ልዩነቱ በዕድሜ ገፋ ባሉት ላይ ይበዛ ነበር። ስለዚህ «ክኒኑ ነው ወይስ ቁልቁለቱ» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ክኒኑ የጡንቻውን ትዕግሥት ያሳጥረዋል፣ ቁልቁለቱ ሸክሙን ይጭናል፤ ሁለቱ ተባብረውብዎት ሊሆን ይችላል።

መለየት ግን ይቻላል። የልምምድ ሕመም በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ይከፋና በሳምንቱ ይጠፋል፤ የሚያመውም የሠራው ጡንቻ ነው። የስታቲን ሕመም ሳይሮጡም አለ። ሁለቱንም እግር እኩል ይይዛል፣ ትልልቆቹን ጡንቻዎች፦ ጭን፣ ዳሌ፣ ባት። ታካሚዎች «ጉንፋን እንደያዘኝ ይቆረጣጥመኛል» ወይም «እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ» ነው የሚሉት። አንድ እግር ብቻ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ ወይም የተረከዝ ጅማት ከሆነ ክኒኑን በነፃ ያሰናብቱት። እስኪ ያስታውሱ፦ ከእሑዱ ሩጫ በጣም በሚርቀው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ያምዎታል? ለሐኪምዎ የሚነግሩት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የሲፒኬው ቁጥር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። እሑድ ጅሬን ወጥተው ወረዱ፣ ሰኞ ጠዋት ደም ሰጡ። ታዲያ ያ 640 የማን ነው? ሲፒኬ ጡንቻ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው፤ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ያፈሳል፣ ማን እንደጎዳው አይናገርም። ለወንድ የላይኛው ወሰን እንደየላብራቶሪው 200 አካባቢ ነው። ነገር ግን አንድ ክኒን ቀምሶ የማያውቅ ጎረምሳ ለረጅም ቁልቁለት ሮጦ በማግስቱ ቢለካ ሺዎች ሊገባ ይችላል። ጡንቻማ ሰው ከፍ ይላል። የጥቁር ሕዝቦች ሲፒኬ ደግሞ ከነጮቹ በተፈጥሮው ከፍ ያለ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የታተመው ወሰን ሁልጊዜ ለእኛ የተሰፋ ልብስ አይደለም። የእርስዎ 640 ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ጥቂት አለፍ ያለ ነው። ሐኪሞች ሕመም ካለ ከአራት እጥፍ በላይ ሲሆን ያስባሉ፤ ከአሥር እጥፍ በላይ፣ ማለትም ከ2000 ገደማ ሲያልፍ መድኃኒቱን ወዲያው ያስቆማሉ።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የቡና መጋዘን ውስጥ 60 ኪሎ ጆንያ የሚሸከም ሰው ሲፒኬው 1400 ሆኖ መጣ። ስታቲን ይወስድ ነበርና «ክኒኑ ነው!» ብዬ ሐኪሙን አስጨንቄ አስቆምኩበት። ምን እንደሚሠራ አልጠየቅኩም። ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክኒን ተለካ፣ 1300 ነበር። ያ ሰው በእኔ ችኮላ ሁለት ወር ያለ መድኃኒት ጆንያውን ሲሸከም ከረመ።

ስለዚህ ምርመራውን ይድገሙት። ከዚያ በፊት ሰባት ቀን ከባድ ሩጫ፣ ክብደት ማንሣት፣ ዳገት ቁልቁለት የለም፤ በእግር መራመድ ይበቃል። በዚያ ሳምንት መርፌም በጡንቻዎ እንዳይወጉ፤ የዳይክሎፌናክ መርፌ ብቻውን ሲፒኬን ከፍ ያደርጋል። ኤኤስቲውም የዚሁ ታሪክ ቅጥያ ነው፤ ከጉበት ብቻ ሳይሆን ከጡንቻም ይወጣል። ይበልጥ የጉበት የሆነውን ኤኤልቲ አልጻፉልኝም። እሱ ደህና ከሆነ 58 ለጉበት የሚያስለቅስ ቁጥር አይደለም፤ በስታቲን ምክንያት የምንጨነቀው ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ሲያልፍ ነው።

በዚያው ደም አንድ ምርመራ ያስጨምሩ፦ ቲኤስኤች፣ የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ። እንቅርት በአገራችን ደጋ ብርቅ አይደለም። ዕጢዋ ስትሰንፍ ኮሌስትሮሉ ይወጣል፣ ሲፒኬው ይወጣል፣ ጡንቻ ያማል፣ ያ ጡንቻ ደግሞ ስታቲንን መሸከም ያቅተዋል። የጻፉልኝን ሁሉ ብቻዋን ልታመጣ ትችላለች። ይህ ሳይታይ ስታቲን ላይ መፍረድ አግባብ አይመስለኝም፤ የሚገርመኝም ስንት ሰው ሳይመረመር እንደሚጀምረው ነው።

ባልደረባዎ የሚፈራው ነገር ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ሴሪቫስታቲን የሚባል የዚሁ ቤተሰብ መድኃኒት ጡንቻን እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ስላሟሟ በ2001 እ.ኤ.አ. ከገበያ ወጥቷል። የሲምቫስታቲን 80 ሚሊግራምም በ2011 በአሜሪካ ለአዲስ ታካሚ እንዳይጀመር ተከልክሏል። ዛሬ በተለመደው መጠን ለአምስት ዓመት ከሚታከሙ 10,000 ሰዎች ከባድ የጡንቻ ጉዳት የሚደርስባቸው አምስት ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ ጡንቻው እስከሚሟሟ የሚደርሰው ከእነዚያ አንዱ ነው። እንደ እርስዎ ዓይነት የቁርጥማት ሕመም ግን ብዙ ነው፣ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው።

ሩጫዎን ያዳክመው እንደሆነ ጠይቀዋል። ደህናው ዜና ከ420 ጤነኛ ሰዎች ጥናት ነው፤ ግማሾቹ ከፍተኛውን መጠን፣ አቶርቫስታቲን 80፣ ለስድስት ወር ወሰዱ። ሕመም የተሰማቸው ከመቶ 9.4 ሲሆኑ ባዶ ክኒን ከወሰዱት 4.6 ነበሩ። በጡንቻ ጉልበትና በትንፋሽ አቅም ግን ልዩነት አልተገኘም። ያ ጥናት ግን በአትሌቶች ላይ አይደለም። በ2004 ከኦስትሪያ የወጣው ዘገባ 22 ባለሙያ ስፖርተኞችን ይመለከታል፤ ሁሉም በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ነበራቸው። የተለያዩ ስታቲኖች ተሞክረውላቸው ቢያንስ አንዱን መታገሥ የቻሉት ስድስቱ ብቻ ናቸው። ስታቲን እንቅስቃሴ የማያበዛን ሰው ጡንቻና እስከ አቅሙ ጥግ የሚሠራን ሰው ጡንቻ እኩል አይነካም ማለት ነው። እርስዎ ከሁለቱ መሀል ነዎት፤ ለሜዳሊያ አይሮጡም፣ ግን ከብዙ የ52 ዓመት ሰው በላይ ጡንቻዎን ያሠራሉ። (ተማሪዎችዎ ከጠየቁዎት፦ ስታቲን በዶፒንግ የተከለከለ መድኃኒት አይደለም።)

አንድ ሌላ ጥናትም ልጥቀስ፣ ቅር እንዳይልዎት። በጎንዮሽ ጉዳት ስታቲን ያቋረጡ 60 ሰዎች ለአንድ ዓመት አራት ወር እውነተኛውን፣ አራት ወር ባዶ ክኒን፣ አራት ወር ምንም ሳይወስዱ ሕመማቸውን በየቀኑ ከመቶ እየሰጡ መዘገቡ። ምንም ባልወሰዱበት ወር ነጥቡ 8 ነበር፣ በባዶው ክኒን 15.4፣ በእውነተኛው 16.3። ከጭማሪው አብዛኛው «ክኒን ዋጥኩ» ከማለት የመጣ ነው። ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ በእርግጥ አሟቸዋል። «መድኃኒቱ ጡንቻህን እየበላው ነው» የሚል ወዳጅ አጠገብዎ ካለ ግን የራሱን ነጥብ ሳይጨምር አይቀርም።

ልጣለው ላሉት፦ አይጣሉት፣ እንፈትነው። ሯጭ ሆኖ 196 የሆነ ኤልዲኤል፣ በ46 ዓመቱ የሞተ ወንድም፣ እነዚህ በዘር የሚወረስ ኮሌስትሮልን ያመለክታሉ። ይህ ከሆነ ሩጫው ብቻውን አያወርደውም፣ ልጆችዎና የወንድምዎ ልጆችም መመርመር አለባቸው። የሳምንቱን ጉዞ ወደ ቤተሰብ ቢያደርጉት ከጅሬን የበለጠ ይጠቅማል።

አካሄዱ መጀመሪያ ሁለቱንም አቁሞ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ መመለስ ነው። መጀመሪያ የጨጓራው መድኃኒት እስኪያልቅ ሐኪሙ ከፈቀደ ክኒኑም ይቁም፣ ጅሬንም ይቅር፤ በዚያ ዕረፍት መጨረሻ ላይ ደሙ ይቀዳ። ቀጥሎ ክኒኑ እንደቆመ ሩጫውን ይመልሱ፣ መጀመሪያ ሜዳ ለሜዳ፣ ከዚያ ጅሬን፣ ሁለት ሳምንት ያህል። ያለ ክኒንም እንደ ድሮው ካመመዎት ጥፋተኛው ቁልቁለቱ ነው፤ እሑድ እየወጡ በመኪና ወይም በእርጋታ በእግር ይውረዱ፣ ቁልቁሉን ሩጫ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። ካላመመዎት ክኒኑ ይመለስ፣ ሩጫው ሳይለወጥ። ሕመሙ ተከትሎት ከመጣ አሁን ማስረጃ አለን።

ማስረጃ ቢገኝም የመጨረሻው መጨረሻ አይደለም። ከ40 ወደ 20 ሚሊግራም መውረድ የሚያሳጣዎት የኤልዲኤል ቅናሽ ስድስት በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሮሱቫስታቲን 5 ወይም 10 ሚሊግራም ሌላው መንገድ ነው፤ ክላሪትሮማይሲን በሚያግደው ኢንዛይም ላይ አይመካም፣ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይም አንዳንዱ ሰው በአንድ ቀን ልዩነት እየወሰደ ይስማማዋል። ኢዜቲማይብ የሚባል ስታቲን ያልሆነ የኮሌስትሮል መድኃኒት ከተገኘ ከአነስተኛ ስታቲን ጋር ይደረባል፤ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ልጀምር ካሉኝ ለወጡ ይሁኑ፤ ተልባ ደግሞ አልቃወምም፣ 196ን ግን አትችለውም።

ቡና ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጅማ ተቀምጦ ማን ይደፍራል? እውነቱ ግን ፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ዘይት አለው፣ ኤልዲኤልን ይጨምራል። ቅቤ የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጭነት ነው። አቦል ቶናውን ይጠጡ፣ በረካውን ለጎረቤት ይተዉ፤ ቅቤውን ግን ከስኒው ያውጡት።

አሁን የማያስጠብቀውን ልጻፍ። ሽንትዎ እንደ ጠቆረ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ከሆነ፣ ከወንበር መነሣት ወይም እጅ ማንሣት ካቃተዎት፣ ከትኩሳትና ከማስታወክ ጋር ጡንቻዎ ካበጠ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያንኑ ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የሟሟ ጡንቻ ኩላሊትን ይዘጋል። ለዚሁ ነው ለባት ሕመሙ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየዋጡ እንዳይሮጡ የምለምንዎት፤ በጾም ወር፣ ውሃ ሳይጠጡ ረጅም የሚሮጡ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ክኒኑን አቁመው ሳምንታት ካለፉ በኋላ ጉልበትዎ እየደከመ ከሄደም ይንገሩን፤ ሰውነት ራሱ ጡንቻውን የሚያጠቃበት ብርቅ ሁኔታ አለ፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ደሙን ሲሰጡ ወረቀቱ ጥግ ላይ ሁለት ቀኖችን በእስክሪብቶ ያስጽፉ፦ መጨረሻ የሮጡበትንና መጨረሻ ክኒን የዋጡበትን።